ስሙ ሲቆረጥ የየትም ከተማ የሆነ ፖስተር፦ የከተማን ማንነት በምስል እንዴት ትገልጻላችሁ?

ባለረቂቋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የመጽሐፍ ሽፋንና የዕቃ ማሸጊያ ስሠራ ስድስት ዓመት የቆየሁ የግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ለከተማ ሠርቼ አላውቅም ነበር። አሁን አንድ የከተማ አስተዳደር የዓመት ዘመቻ ሰጥቶኛል፤ አሥራ ሁለት ፖስተሮች፣ በአውቶቡስ ጎን ላይ የሚለጠፍ ሥዕልና በመብራት ምሰሶ ላይ የሚሰቀል ባነር። የተሰጠኝ የሥራ ማዘዣ አንድ ገጽ ተኩል ነው። «ማንነት» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ሰፍሮበታል፤ ስብሰባው እስኪጀመር ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ድልድይ፣ ደረጃ፣ ግድግዳ ወይም ወንዝ የሚል ቃል ግን አንድም አላገኘሁበትም።

በመጀመሪያው ረቂቅ የታዘዝኩትን ሁሉ አስገባሁ። ከኋላ የምትወጣ ፀሐይ፣ መሃል ላይ የሰዓት ማማው፣ በስተቀኝ አዲሱ ድልድይ፣ በስተግራ የሚጨፍሩ ወጣቶች፣ ከላይ ርግብ። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባል የለ? እኔ ራሴ እጇን ይዤ ይዣት ወጣሁ።

ናሙናውን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ወደ ኮሚቴው ሄድኩ። ወረቀቱን ስዘረጋ ማተሚያ ቤቱ ጠርዙን ሲያስተካክል የታችኛውን መስመር፣ ማለትም የከተማዋን ስም፣ አብሮ ቆርጦት አገኘሁ። ሌላ ቅጂ አልያዝኩም። እንደዚያው ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ዘጠኝ ሰዎች ሃያ ደቂቃ ያህል ተወያዩበት፤ ርግቧ ትንሽ ትተልቅ፣ ፀሐይዋ ትንሽ ትደምቅ፣ ድልድዩ ወደፊት ይምጣ ተባለ። ስሙ አለመኖሩን ማንም አላስተዋለም። በዚህ መሃል አንድ ወጣት ወንበር ይዞ ገባ። ተወልዶ ያደገው እዚያው ከተማ ነው። ፖስተሩን አየት አደረገና «ይህ የየት ከተማ ነው?» አለ። አንዱ የኮሚቴ አባል ስቆ «አይታይህም እንዴ?» አለው። ወጣቱ ቀረብ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ሁሉ ተመለከተ። «አልታየኝም» አለና ወንበሩን አስቀምጦ ወጣ።

ኮሚቴው ረቂቁን ወዶታል። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛውን ረቂቅ የሠራሁት በንዴት ነው። ሁሉንም አውጥቼ አንድ ወፍራም መስመርና የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ አስቀረሁ። «ሥዕሉስ መቼ ይመጣል?» ተባልኩ። በሦስተኛው የነዋሪዎችን ፊት በትልቁ አመጣሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ስለ ንድፍ መወያየቱ ቀረና ከየትኛው ሰፈር ስንት ፊት ይግባ የሚል ቆጠራ ተጀመረ።

እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራችሁ፣ ምን እንደምታሳዩ የምትወስኑት እንዴት ነው? «ይህ እኛ አይደለንም» የሚል ሰው ሲነሳስ ምን ትሉታላችሁ? ሁለት ወር ቀርቶኛል።

አሮጌ ማተሚያ፦

ልጄ፣ ያንን ጠርዝ የቆረጠውን ሠራተኛ አመስግኝው። የሦስት ወር ክርክር በአንድ ምላጭ ጨርሶልሻል።

እኔ ዲዛይነር አይደለሁም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኦፍሴት ማሽን አጠገብ ቆሜ የሌሎችን ሥራ አትሜያለሁ፤ የከተማ ዘመቻም ከአንድ በላይ በእጄ አልፏል። የታዘብኩት ነገር ቢኖር ዲዛይነር ከተማን ሲፈልግ ቀና ማለቱን ነው። ማማ፣ ሐውልት፣ ፎቅ። ወደ ሥራው የሚጣደፍ ነዋሪ ግን ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። እሱ የሚያየው ከወገቡ በታች ያለውን ነው፤ ደረጃውን፣ የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ፣ የበሩን እጀታ፣ ተደግፎ የሚቆመውን የብረት አጥር። ሊዝበን ውስጥ የኖረ ሰው በጥቁርና በነጭ ድንጋይ ጥለት የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ሲያይ ከተማዋ ትመጣበታለች፤ ዝናብ ሲዘንብ እንዴት እንደሚያንሸራትት ጭምር። ጃፓን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከተሞች የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳናቸውን በየራሳቸው ሥዕል ያስጌጣሉ። የኦሳካው ክዳን ላይ ግንቡና የቼሪ አበባ ተቀርጸዋል። ክዳን ለማየት ብሎ ከከተማ ከተማ የሚጓዝ ሰው አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የክዳኖቹ ሥዕል ያለበት ካርድ መታደል ጀምሯል። መኪና የሚሄድበት ብረት ነው እንግዲህ።

ስለዚህ ካሜራሽን አስቀምጪና ስስ ወረቀትና ለስላሳ እርሳስ ይዘሽ ውጪ። የጉድጓድ ክዳን፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ የብረት በር ስታገኚ ወረቀቱን ዘርግተሽበት በእርሳሱ ጎን አሽው። ቅርጹ ራሱ ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ እንዲህ ያሉ አርባ ወረቀቶች ይዞ መጥቶ የማተሚያ ቤቱ ወለል ላይ ዘረጋቸው። የታተመው ቀለም እስኪደርቅ እየጠበቅን በመካከላቸው ስንመላለስ ሦስቱ ላይ አንድ ዓይነት ነገር አየን፤ ጫፏ የተቆረጠ የአልማዝ ቅርጽ። አንዷ የትምህርት ቤት በር ላይ፣ አንዷ የመስኮት ፍርግርግ ላይ፣ አንዷ የደረጃ ጠርዝ ላይ። ምናልባት አንድ ብረት ሠሪ ነው የሠራቸው፤ ምናልባትም አንዱ ከአንዱ ቀድቶ ይሆናል። ልጁ ያቺን ቅርጽ የዘመቻው ሁሉ ፍሬም አደረጋት። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም ግን «ይህ እኛ አይደለንም» አላለውም።

ስለ ቀለምም ልንገርሽ፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ነው። ፈረንሳዊው የቀለም ባለሙያ ዣን ፊሊፕ ላንክሎ የአንድን አካባቢ ቀለም ከመጽሐፍ አይመርጥም ነበር። አፈር፣ የልስን ፍርፋሪ፣ የተላጠ ቀለም ከቦታው እየለቀመ፣ እያንዳንዱን በእጅ ከተቀባ ናሙና ጋር እያመሳከረ ነው የአካባቢውን የቀለም ስብስብ የሚሠራው። አንቺም በየፖስታው ፍርፋሪ ሰብስቢና ከየትኛው ግድግዳ እንደሆነ ጻፊበት። ቢሮ ውስጥ በነጭ መብራት እንዳታዪው ግን፤ መስኮት አጠገብ ውሰጂው።

ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ «የወንዛችን ሰማያዊ» የሚል ቀለም ያለው ሥራ መጣልን። በኮምፒውተር ላይ ሲታይ ዓይን ይወጋል። ስክሪን ብርሃን ይልካል፣ ወረቀት ግን የወደቀበትን ብርሃን ነው የሚመልሰው፤ ያን የመሰለ ሰማያዊ ሁሉም ነገር ከአራት መሠረታዊ ቀለሞች በሚቀላቀልበት በአራት ቀለም ኅትመት አይወጣም። አስጠነቀቅን፤ አልሰሙንም። ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። ተቆጡ፣ ተጨቃጨቅን፣ እንደገና ታተመ፣ አሁንም ወይን ጠጅ። ወንዙ እኮ ቡናማ ነው! እነዚያ ሰዎች በየቀኑ ሁለት ጊዜ በድልድዩ ይሻገሩታል።

መፈክር አልወድም፦

ከላይ ያሉት አዛውንት ስለ እጀታና ስለ ክዳን የተናገሩት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዋናውን ጥያቄ አልፈውታል። ዘመቻው የሚናገረው ለማን ነው? ለነዋሪው ከሆነ ነዋሪው የት እንደሚኖር ያውቃል። ለጎብኚ ከሆነ ደግሞ «ማንነት» የሚለውን ቃል ትታችሁ «ገበያ» በሉት።

አምስተርዳምን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2004 «አይ አምስተርዳም» የሚል መፈክር ወጣ፤ የእንግሊዝኛው «እኔ ነኝ» ከከተማዋ ስም ጋር የሚገጥምበት የቃላት ጨዋታ ነው። ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ፊደሎች በራይክስሙዚየም አጠገብ ቆሙ። ሕዝብ ጎረፈ፣ ፊደሉ ላይ ወጥቶ ፎቶ ተነሳ፣ ወረደ፣ ሄደ። በዲሴምበር 2018 በከተማው ምክር ቤት ጥያቄ ከዚያ ቦታ ተነሡ። ከተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ አንዱ መፈክሩ ከጋራው ይልቅ ግለሰቡን ያስቀድማል የሚል ነበር። ሌላው የጎብኚው ብዛት ነው። ያች ከተማ ግን ሦስት የመስቀል ምልክቶች የተደረደሩበት ጥንታዊ ዓርማ አላት፤ ባንዲራዋ ላይ፣ በእግረኛ መንገድ ዳር የቆሙት የብረት ምሰሶዎች ላይ ሁሉ አለ። ማንም አጠገቡ ተሰልፎ ፎቶ አይነሳም። ማንም ደግሞ አያነሣውም።

ሁለተኛ፣ «ባህላዊ ማንነት» የሚለውን የሚወስነው ሁልጊዜ ጽሕፈት ቤት ያለው ሰው ነው። የሕንዷ ጃይፑር ሮዝ ከተማ ትባላለች። ቀለሙን የተቀባችው በ1876 የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ሊጎበኛት ስለሆነ ነው። ለእንግዳ የተቀባ ቀለም ማንነት ተባለ! እና በሜክሲኮ ሲቲ የ1968ቱ ኦሊምፒክ አለ። አሜሪካዊው ዲዛይነር ላንስ ዋይማን የሠራው ንድፍ በየዲዛይን ትምህርት ቤቱ ይመሰገናል፤ እንደ ማዕበል የሚሰፉት መስመሮች የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ከሆነው ከዊቾል ጥበብ ጋር ይዛመዳሉ ይባላል። ጨዋታው ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው፣ ኦክቶበር 2፣ በትላቴሎልኮ አደባባይ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ተኩስ ተከፈተ። ተማሪዎቹም የዘመቻውን የሰላም ርግብ ወስደው በሳንጃ ተወግታ የምትደማ አድርገው ሥለዋታል። ርግብ አለችኝ ብለዋል አይደል? ይጠንቀቁ።

ባለረቂቋ፦

ጋሼ፣ ስለ ፖስታው አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ሰባት ሞልቻለሁ። ጥፍሬ ሥር ልስን አለ።

መፈክር አልወድም፣ ርግቧ የእኔ ሐሳብ አልነበረችም፤ ነገር ግን ፊርማዬ ያለው እኔው ሥራ ላይ ስለሆነ አልከራከርም። «ለማን ነው?» የሚለው ጥያቄዎ ግን ያስቸግረኛል፤ ምክንያቱም እኔ አልሠራውም ብል ዘመቻው አይቀርም። ሌላ ሰው ፀሐይዋን ያደምቃታል። መሠራቱ ካልቀረ እንዴት ይሠራ የሚለውን ነው የምፈልገው።

ደግሞም ሳስበው፣ ተማሪዎቹ ያችን ርግብ የወሰዱት ሁሉም የሚያውቃት ስለሆነች አይደለም እንዴ? የማይታወቅ ሥዕል ቢሆን ማን ይገለብጠው ነበር?

የጣቢያ ምልክት፦

የመጨረሻው ነጥብዎ ትክክል ነው፤ ከእሱ ልነሣ። ያው ዋይማን በዚያው ከተማ ያገኘውን ሁለተኛ ሥራ የሚያነሣ ሰው ያንሳል፤ እኔ ደግሞ ከኦሊምፒኩ ይልቅ የማደንቀው ያንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለተከፈተው የሜትሮ መስመር እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ በተጨማሪ የራሱ ሥዕል ተሰጠው። ማንበብ የማይችል ሰውም የሚወርድበትን ያውቃል። ቻፑልቴፔክ ፌንጣ ነው፤ ስሙ በናዋትል ቋንቋ የፌንጣ ኮረብታ ማለት ስለሆነ። ፒኖ ስዋሬስ የተባለው ጣቢያ ሥዕል ክብ ደረጃዎች ያሉት መሠዊያ ነው፤ ሜትሮው ሲቆፈር የተገኘው የነፋስ አምላክ መሠዊያ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይታያል። ኮሚቴው በአንድ ሥዕል ውስጥ ሊያጭቀው የሚፈልገውን ታሪክ፣ ቋንቋና ተፈጥሮ ሥራው ለብዙ ቦታ አከፋፍሎታል። አንድ ሥዕል፣ አንድ ነገር። የሚያስተሳስራቸው የመስመሩ ውፍረትና ማዕዘኑ ክብ የሆነው ካሬ ብቻ ነው።

እርስዎ አሥራ ሁለት ፖስተር አለዎት። አሥራ ሁለቱም ከተማዋን በሙሉ ለመናገር ሲታገሉ ነው የተጋጩት።

የፖርቱጋሏ ፖርቶም በ2014 በዚሁ መንገድ ሄዳለች። ንድፉን የሠራው የኤዱዋርዶ አይረስ ስቱዲዮ ነው። ነዋሪዎችን «የእናንተ ፖርቶ የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁ እያንዳንዱ ሌላ ነገር ተናገረ። እኔ ብሆን ተስፋ እቆርጥ ነበር። እነሱ ግን የሕንፃዎቹን ሰማያዊ ሸክላ ንጣፍ ተመልክተው ከሰባ በላይ ትናንሽ ሥዕሎች ሠሩ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሰማያዊ መስመር፣ ጎን ለጎን ሲገጠሙ መስመሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀጥል። አንድ ሰፈር «እኔ የለሁበትም» ካለ አንድ ሥዕል ይጨመርለታል። የሰፈር ቆጠራው ላይ የተጣበቁት አንድ ፍሬም ብቻ ስላለ ነው፤ ሁሉም እዚያች ውስጥ መግባት አለበት።

ከስም በፊት የሚታወቅ ነገር ከፈለጉ ፊደልንም አይርሱ። ለንደን የምድር ውስጥ ባቡሯን ፊደል በኤድዋርድ ጆንስተን አሠርታ በ1916 ሥራ ላይ አዋለችው፤ እየታደሰ እስከ ዛሬ አለ። በአልማዝ ቅርጽ የተሠራችውን የ«አይ» ፊደል ነጥቧን የለመደ ሰው ጽሑፉ ምን እንደሚል ሳያነብ የት እንዳለ ያውቃል። ከተማዋ የምትጽፈው በሁለት ፊደል ከሆነ ግን አንዱን ለዋና ርዕስ፣ ሌላውን ለግርጌ አያድርጉት። ሰዎች ይህን ወዲያው ያነባሉ፤ ንድፉን ከማየታቸው በፊት።

አሁን «ምን ላሳይ?» ወደሚለው። ኬቨን ሊንች የተባለው የከተማ ፕላን ምሁር በ1960 ባሳተመው ጥናቱ በቦስተን፣ በጀርሲ ሲቲና በሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ከተማቸውን ከትዝታ እንዲሥሉ ጠይቋል። ከዚያ ያወጣቸው አምስት ነገሮች መንገድ፣ ጠርዝ፣ ሰፈር፣ መገናኛና ጎልቶ የሚታይ ምልክት ናቸው። ዝርዝሩን ይርሱት፤ ዘዴውን ግን ይውሰዱት። ባዶ ወረቀት፣ እርሳስ፣ አምስት ደቂቃ። «ዘመድዎ ነገ ይመጣል፤ ከተማዋን ይሣሉለት።» የሚያምር ሥዕል አይጠይቁ። እኔ ስሠራው የዋናው አደባባይ ሐውልት ከሁለት ወረቀት በቀር አልተገኘም። አብዛኛው ሰው የሣለው ምን መሰለዎት? በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለ ረጅም ግድግዳ። ሰው ቀጠሮ የሚይዘው እዚያ ነበር። በማንኛውም የከተማው ብሮሹር ላይ ያ ግድግዳ አልነበረም። አንዲት ሴት ከሥሩ አንድ ጥቁር መስመር አስምራ «ይህ ምንድን ነው?» ስላት «ተደግፈን ስንቆም የጫማችን ምልክት» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። እውነትም በጉልበት ከፍታ ላይ ግድግዳውን የሚከተል የጫማ እድፍ አለ፤ የስንት ዓመት ቀጠሮ እንደሆነ እንጃ።

የመጀመሪያውን ሥዕል ከኮሚቴው ይጀምሩ። ስብሰባው ላይ፣ ዘጠኙንም፣ ሳይነግሯቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ «የኒውዮርኩ ልብ ዓይነት ነገር ሥሪልን» መባልዎ አይቀርም፤ «ኒውዮርክን እወዳለሁ» በሚለው ጽሑፍ ውስጥ «እወዳለሁ» በሚለው ቃል ፈንታ የቆመውን ቀይ ልብ ማለታቸው ነው። ዲዛይነሩ ሚልተን ግሌዘር በ1977 ዘመቻ የወጣውን ያንን ልብ የነደፈው በታክሲ ውስጥ በቀይ ቀለም በፖስታ ቁራጭ ላይ ነው፤ ቁራጩ ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ሲጀመር የታዘዘው ለኒውዮርክ ግዛት እንጂ ለከተማዋ ብቻ አልነበረም። ልቡ ስለ ኒውዮርክ አንዳች ነገር አይናገርም፤ የየትም ከተማ ሊሆን ይችላል፣ ሆኖም ያውቃል። የያዘው ጊዜውን ስላገኘ ነው። ከተማዋ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1975፣ ለመክሰር ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ሰው ይሸሻት ነበር። በዚያ ወቅት «እወዳታለሁ» ማለት እልህ ነበር። በ2023 «እንወዳታለን» ተብሎ በአዲስ መልክ ሲወጣ ከተማው ሁሉ ነው የሳቀበት። እልሁ የለማ።

ዘወትር ተሳፋሪ፦

ባለሙያ አይደለሁም፤ ዲዛይነሮች በተሰበሰቡበት አንድ አቤቱታ ላቅርብ። እኔ የምሳፈርበት አውቶቡስ ጎኑ በሙሉ በከተማ ሥዕል ተሸፍኗል፤ መስኮቱ ጭምር። ከውጭ ሲታይ ድንቅ ሕንፃዎች፣ ዛፎች፣ ሰማይ። እኛ ከውስጥ የምናየው ግን በነጠብጣብ ቀዳዳ የተበሳ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ምሽት ላይ፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ውሃ ይሞላቸዋል፤ ያን ጊዜ የምወርድበትን ማቆሚያ የማውቀው አውቶቡሱ ሲታጠፍ በሰውነቴ ነው። ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ። የከተማዋን ውበት ለማሳየት ከተማዋን ሸፈኑብን። እባክዎ መስኮቱን ይተዉልን።

ባለረቂቋ፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

መጀመሪያ ለተሳፋሪው፦ መስኮቱ ተትቷል። ሥዕሉ ከመስኮት በታች ብቻ እንዲሆን ጽፌ አስገባሁ፤ ዋጋውም ስለቀነሰ ያለ ክርክር አለፈ። አንዳንዴ እንዲህም ይሆናል።

የትዝታ ሥዕሉን ኮሚቴው ላይ ሞከርኩት። ሁለቱ «እኔ ሥዕል አልችልም» ብለው ነበር፤ ከሁሉ የተሻለውን የሣሉት እነሱ ሆኑ። ከዚያ በየማቆሚያው ሃያ ያህል ሰዎች አሣልኩ። ፀሐይ የሣለ የለም። ርግብ የሣለ የለም። ለአዲሱ ድልድይ የተሠራው አንድ መስመር ነው። ወደ ወንዙ የሚወርደውን ደረጃ ግን ግማሹ ሰው ሥሎታል፤ አብዛኞቹም መሃል ላይ የተሰበረችውን አንዲት ደረጃ ለይተው አጠቆሯት፣ ዘመዳቸው እንዳይወድቅ ነው መሰለኝ።

ያስደነገጠኝ የሰዓት ማማው ነው። እኔ በመጀመሪያው ረቂቅ መሃል ላይ ያስቀመጥኩት ከፎቶ ክምችት ያገኘሁትን ንጹሕ ማማ ነበር፤ ጠቋሚዎቹም ለዓይን እንዲያምሩ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ተደርገዋል። ማማውን ከሣሉት ሰዎች መካከል ሰዓቱን ጭምር የሣሉት አምስት ናቸው። አምስቱም አራት ከሩብ ላይ ነው ያቆሙት። ተመካክረው አልነበረም፤ ሁለቱ ኮሚቴ ውስጥ፣ ሦስቱ የተለያየ ማቆሚያ ላይ። ለካ ሰዓቱ ከቆመ ዓመታት አልፈውታል። እዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ «አራት ከሩብ ላይ እንገናኝ» ማለት «ነገሩ አይሆንም» ማለት እንደሆነም አንዷ ነገረችኝ።

አራት ከሩብን የያዘ ፖስተር ሠራሁ። የሰዓቱ ፊት ብቻ፣ በጋሼ ፖስታ ውስጥ ካለው የልስን ግራጫ ጋር፣ ያለ ስም። ስብሰባው ጋለ። ግማሹ «ጉድለታችንን ልናሳይ ነው እንዴ?» አለ። አንዱ «ሰዓቱ በዚህ ዓመት ይጠገናል፤ ያን ጊዜ ፖስተሩ ውሸት ይሆናል» ሲል ሌላው «ይጠገናል ብለህ ታምናለህ?» አለውና ሁሉም ሳቁ፤ ያልሳቀው ጥገናው የሚመለከተው ሰው ብቻ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ጸድቀዋል፤ ደረጃው፣ የብረት አጥሩ፣ የክዳኑ ጥለት ሁሉም አልፈዋል። ሰዓቱ ለሚቀጥለው ስብሰባ አደረ። የቀሩት ገና ናቸው።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። ግራጫው በኅትመት ወደ ሰማያዊ ያደላብኛል። ፍርፋሪው አጠገቡ ሳስቀምጠው ይሸሻል።

አሮጌ ማተሚያ፦

ግራጫሽን ከአራቱም ቀለም ነው የቀላቀልሽው መሰለኝ። እንዲህ ያለ ግራጫ ማሽኑ ላይ ሰማያዊው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ይወላገዳል። ለብቻው የተቀመመ አምስተኛ ቀለም አድርገሽ አሳትሚው፤ ሁሉም ፖስተር ላይ ስለምትጠቀሚበት ያዋጣል። ያልተለበጠ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀለም ስለሚሰርግ ይጠቁራል፤ ናሙናውን በዚያው ወረቀት ላይ ካልሆነ አትመኚው። እና ወደ ውጭ አውጥተሽ በጠዋትም በማታም ብርሃን እዪው።

ባለ አምስቱ ሰዎች ሰዓት ደስ ብሎኛል። ያንን ወንበር ይዞ የገባውን ልጅ አሳየሽው?

ባለረቂቋ፦

አሳየሁት። ኮሪደር ላይ አግኝቼው ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ስም የለበትም፣ ማማውም የለም፣ የሰዓቱ ክብና ሁለት ጠቋሚዎች ብቻ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ጣቱን ረጅሙ ጠቋሚ ላይ አድርጎ «ይህ ትንሽ ዝቅ ይላል። ጫፉ ተጣምሟል» አለኝ።

ሄጄ አየሁት። ተጣምሟል። ዛሬ ማታ እያስተካከልኩት ነው።